በበሩ መሃል የቆመው ቋሚ

«ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሚመለከተው ሁሉ! የዚህ ቤት የመታጠቢያ ክፍል በር ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከማጠፊያው ተነቅሎ በረንዳ ላይ የተጋደመ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። በሩ መግቢያው እንደሰፋለት ወደ ሥራ ገበታው ይመለሳል። እስከዚያው የሚገባም የሚወጣም ጉሮሮውን እየጠረገ ድምፅ እንዲያሰማ ይለመናል።»

ይህን ቁርስ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያወጀው የቤቱ አባወራ ነው። አዳማጩ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስቱ።

ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ሆኖ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ተማሪዎቹ «ጋሽ ደንብ» ይሉት ነበር፤ ስሙም ከትምህርት ቤቱ በር ተከትሎት ወጥቶ ሰፈር ገባ። ዝናብ እየወረደበት፣ መንገዱ ላይ አንድም መኪና ሳይኖር፣ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ቆሞ የሚበሰብስ ሰው ነው።

«አጨብጭቢ እንጂ» አላት።

«ቆሜ እንዳላጨበጭብልህ እግሬን ወሰዱት» አለች ሚስቱ።

ልብስ ሰፊ ነበረች። ስኳር በሽታ አንድ እግሯን ከጉልበት በታች ካስቆረጣት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወንበሩ ሳሎኑን ያካልላል፣ ወጥ ቤት ይገባል፣ መኝታ ቤት ይደርሳል። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ግራና ቀኝ መቃኑን ገጭቶ ይቀራል። የጎደለው የጣት ስፋት ነው። ስለዚህ ባሏ በሳፋ ውሃ እያመጣ አልጋ ላይ ያጥባታል። ማጠቡንስ በደንብ ነው የሚያጥባት፤ ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ፣ በተራ፣ ምንም ሳይዘል።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ገላ ለክቼ አለበስኩ» ትላለች እሷ፤ «አሁን የኔ ገላ እንደ ድስት ይታጠባል።»

የምትፈልገው ሌላ ምንም አልነበረም። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ፣ ብቻዋን፣ ማንም ሳያያት መታጠብ።

ሥራውን የያዘው ተቋራጭ «ችግር የለም» ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም። በሩ ይሰፋል ወይ? ችግር የለም። ግድግዳው ውስጥ ቧንቧ አለ እኮ? ችግር የለም። ፈቃድ አለህ? «ኧረ ጋሼ፣ ችግር የለም!» ጋሽ ደንብ ይህችን መልስ እንደ አዎ ቆጥሮ አለፋት። ወረቀት ሳያይ ያመነው ሰው ቢኖር በዕድሜው ይህ ብቻ ነው፤ ሚስቱ ቸኩላ ነበራ።

መዶሻው ሥራ ጀመረ። ግድግዳው ወደ መውረዱ ሲቃረብ ጣሪያው እንደ ደከመው ሽማግሌ አንድ ጊዜ «እህህ» አለ። ከበሩ በላይ ስንጥቅ ወጣ፤ አቧራ ረገፈ። ለካስ ያ ግድግዳ ጣሪያውን ተሸክሞ የኖረ ግድግዳ ነው።  ችግር የለም ሮጦ ወጣና ወፍራም የእንጨት ቋሚ ይዞ ተመለሰ፤ ከበሩ መሃል፣ ልክ ከመሃሉ፣ ገትሮ ጣሪያውን ደገፈበት።

በሩ ሰፍቷል፤ ያንን ማንም አይክደውም። ቋሚው መሃሉ ላይ ባይቆም ኖሮ ወንበሩ እየተንፈላሰሰ ያልፍበት ነበር። አሁን ግን በቋሚው ግራም ሆነ ቀኝ የሚያልፈው ቀጭን ሰው ነው፤ ያውም በጎኑ።

ሚስትየዋ ወንበሯን እየገፋች መጥታ አየችው።

«ክር እንኳ በመርፌ ቀዳዳ ሲያልፍ ምራቅ ይቀባል። እኔን ምን ልትቀቡኝ ነው?»

«አግዳሚ ብረት አመጣለሁ፣ እማማ። ብረቱ ከላይ ከገባ ቋሚው ይነሳል። ነገ።»

ነገ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራል አይነሳም፤ ኋላ መጥራቱንም ተወ።

ጋሽ ደንብ አቤቱታ ጻፈ። የፈቃድ ቁጥጥር ቢሮው እንዲህ ያለ አቤቱታ አይቶ አያውቅም፤ አንቀጽ አለው፣ ንዑስ አንቀጽ አለው፣ መደምደሚያው ላይ «ለፍትሕ የቆመ» ይላል። ጮክ ብሎ ሲያነብላት ሚስቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ይሄን ሁሉ ቃል ከምትደረድር ሌላ ሠራተኛ ብትፈልግስ?»

«እንደሱ አይደለም። ሰውየው መጠየቅ አለበት።»

«ይጠየቅ። እኔስ መቼ ነው የምታጠበው?»

ተቆጣጣሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጫማውን በር ላይ አራግፎ የሚገባ። መዝገብ ላይ እንዳየው ከሆነ ተቋራጩ በእርግጥ ፈቃድ አለው፤ ቀለም ለመቀባት።

«እንግዲያው ግድግዳውን ከነቀለሙ አንስቶታል ማለት ነው» አለ ጋሽ ደንብ፣ ልቡ ሞልቶ።

ተቆጣጣሪው ሳቀ። ፎቶ አነሳ። ከዚያ ከቦርሳው ቀይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አወጣና ቋሚው ላይ፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ ለጠፈ። ታሽጓል። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ይህንን መንካት በሕግ ያስጠይቃል።

«ማስረጃ ነው፣ ጋሼ። ቋሚው እንዳለ መታየት አለበት።»

«ትክክል ነው» አለ ጋሽ ደንብ።

«የቱ ጋ ነው ትክክሉ?» አለ የሚስቱ ድምፅ ከመኝታ ቤት።

ችግር የለም ብቅ ያለው ይኼኔ ነው። ብረቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ የውጭው በር ላይ ቆመ። ጸጸት ይሁን የክስ ፍርሃት ያመጣው፣ እሱ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ልግባ። ሳይመሽ ጨርሼ ቋሚውን ይዤልዎት እወጣለሁ።»

«ታሽጓል።»

«አውቃለሁ። ወረቀቷን ቀስ ብለን ልጠን፣ ስንጨርስ ደግሞ...»

«ታሽጓል አልኩህ! ውሳኔ ሲሰጥ ትመጣለህ።»

«መቼ ነው የሚሰጠው?»

«በጊዜው።»

«አስገባው!» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

«ሕግ ነው!»

«ሕጉ ይምጣና ይጠበኝ እንግዲያ!»

ችግር የለም አንዴ ድምፁ የመጣበትን መስኮት፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። ብረቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ኧረ ጋሼ፣ እኔን ይተዉኝ፤ እሳቸውን ይስሟቸው እንጂ» አለ። ጋሽ ደንብ የውጭውን በር ዘጋበት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሚስቱ ስለ በሩ አላነሳችም። ሳፋው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እንደ ድስት ታጠብኩ ማለቷንም ተወች። ጋሽ ደንብን ይህ ዝምታ ከስድብ ይልቅ ከበደውና ቢሮ መመላለስ ጀመረ። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ነው ይሉታል። የማን ጠረጴዛ? የሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ። የሚመለከተው ሰውስ? ስብሰባ። አመስግኖ፣ ወረፋውን ለሚቀጥለው ሰው ለቆ ይመለሳል።

አንድ እሑድ ጠዋት ግን እሷው ጠራችው።

«ዛሬ ውሃው ስር መቀመጥ እፈልጋለሁ። በሩን እንደሆነ ተወው፣ በርም የለንም። ውስጥ አስቀምጠኝና ጀርባህን ስጠኝ። ሌላ ምንም አልልህም።»

በርጩማ ውስጥ አስቀመጠ፤ ውሃውን ከፍቶ ሙቀቱን በክንዱ ለካ። ከዚያ አቀፋት። አንገቱን ያዘች። በጎኑ ሆኖ፣ ሆዱን ስቦ፣ በቋሚውና በግድግዳው መሃል ገባ።

«ዳንስ የምታስለምደኝ ይመስላል» አለችው ጆሮው ስር። ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለደች!

ወለሉ እርጥብ ነበር። እግሩ ሲከዳው አንድ እጁ ሳያዘው ወደ ቋሚው ተዘረጋ። ጣቶቹ ሊደርሱ ሲሉ ቀዩ ጽሑፍ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ እጁን መለሰው።

ወደቁ። ከታች የዋለችው እሷ ናት።

ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል እንደተኛች ደግሞ ሳንባዋ ታመመ። ነርሶቹ ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ያጥቧታል፤ መጀመሪያ ግን መጋረጃውን ዙሪያውን ይስባሉ። «አየህ፣ እነዚህስ መጋረጃ አላቸው» አለችው። ቤቷ ሳትመለስ ሞተች። ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው ሁሉ እጁን ለመታጠብ በቋሚው ጎን ሆዱን እየሳበ አለፈ፤ አንዷ ወፍራም ጎረቤት መሃል ላይ ተቀርቅራ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣት። ከሟቿ በቀር በዚህ መሳቅ የሚችል ሰው አልነበረም።

ውሳኔው ደረሰ። ተቆጣጣሪው በፈገግታ መጣ፤ ከኋላው ችግር የለም ያንኑ ብረት ተሸክሞ ይከተላል። ተፈርዶበታል። ሥራውን ነገ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሠራዋል፤ እሱ የተፈቀደለት ብረቱን መሸከም ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቿን ፎቶ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

ተቆጣጣሪው ግን ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። ተጠግቶ ጠርዞቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ኧረ በስመ አብ! እንዳለ ነው! ጋሼ፣ እኔ ካሸግኩት ሁሉ ሳይነካ ያገኘሁት ይሄ ብቻ ነው።»

«ሌላው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይቀደዋላ! ሁለት ሦስት ቀን ይታገስና ይቀደዋል። ሥራውን ይጨርሳል። ቤት ነው፣ ሰው ይኖርበታል፤ እኛስ ሰው አይደለን?»

«ሲቀድደው ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ምንም። ‹ለወደፊቱ እንዳይለምድህ› ብለን እንቆጣለን፤ ፎቶው እኛ ጋ አለ። እርስዎ ግን... በእውነት ለሌላው ምሳሌ ነዎት።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ ልጦ ለአራት አጠፈውና ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ቋሚው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ጋሽ ደንብ ሄዶ መዳፉን እሱ ላይ አሳረፈ። እንጨቱ ጠንካራ ነበር፤ ሁለት ሰው ቢደገፈውም የሚችል።

«እንግዲህ ነገ ጠዋት ቋሚው ይነሳል፣ እፎይ ይላሉ» አለ ተቆጣጣሪው።

«አይነሳም።»

«እ?»

«እዚሁ ይቆማል።»

«ጋሼ፣ ተፈርዶልዎታል እኮ! በሩ ይከፈትልዎታል። ወጪው የሱ ነው።»

«ብረቱን ይዞ ይሂድ።»

ችግር የለም ብረቱን መልሶ ወደ ትከሻው አወጣ። ማንም ሳይነግረው ወደ ውጭ መራመድ ጀመረ። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ።

«ባለቤቱ ለምን እንዳልተቀበሉ መጻፍ አለብኝ፤ ደንብ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የፈለግከውን ጻፍ» አለ ሽማግሌው፣ እጁን ከቋሚው ሳያነሳ። «እኔ አልናገርም።»