የፍየል ቆዳ ጋስኬት

በደብረ ማርቆስ ጋስኬት በመቁረጥ የሚስተካከለኝ የለም። ጉራ የመሰለው ይሳቅ። አያ አለበል እንኳን፣ ጋራዡ የራሱ ሆኖ፣ መቀስ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ወረቀቱን ብረቱ ላይ አስቀምጬ ዳር ዳሩን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ ሳደርገው ቅርጹ እንደ ማኅተም ይወጣል። የብሎኑን ቀዳዳ ደግሞ በጥይት ቀለህ እመታዋለሁ። ክብ፣ ንጹሕ። ለማያውቅ ሰው፣ ጋስኬት ማለት ሁለት ብረት ሲገጠም መሀል ገብቶ ዘይትና ውኃ እንዳያፈስ የሚይዝ ስስ ነገር ነው። ያለ እሱ ሞተር ወንፊት ነው።

ጋራዥ የገባሁት ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሲቋረጥብኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እሱ ሲከፈት ደግሞ እኔ ተዘጋሁ። አባባ ብራና ፋቂ ናቸው። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ዳዊት ለሚገለብጡ ቁም ጸሐፊዎች ይሰጣሉ። እሳቸው ጋ ቤት የቀረ ሰው ሥራው የታወቀ ነው፤ ቆዳ መዘፍዘፍ፣ ጠጉር መንጨት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከብራናው የተረፈውን ቁርጥራጭ በድስት ቀቅሎ ለመጽሐፍ መጠረዣ የሚሆን ሙጫ ማውጣት። ሽታው ቀሚሴ ላይ አለ፣ ጸጉሬ ላይ አለ፣ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የሚገኘው ጉንፋን የያዘው ልጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ አያ አለበልን ለመንኩት፣ ለመንኩት፣ ሲሰለቸው የአንድ ወር ሙከራ ሰጠኝ። ከሆነልኝ እቀራለሁ። ካልሆነልኝ ወደ ድስቱ።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአያ መሳፍንት ፒካፕ ተጎትታ መጣች። ዕድሜዋ የእኔን እጥፍ ነው። ድንችና ሰው እየጫነ ደብረ ኤልያስ ይመላለስባታል፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። የዘይት መለኪያውን ስንመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

"ውኃ ገብቶበታል" አለ አያ አለበል። "የቴስታታው ጋስኬት ሄዷል።" ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው፣ ከላይ የሚከደነውን።

"ስንት ቀን ይፈጃል?" አለ አያ መሳፍንት።

"ሦስት።"

"ባለፈውም ሦስት ብለህ በሁለት ሳምንት ነው የሰጠኸኝ።"

"ባለፈው ይቺ ልጅ አልነበረችም" አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

አያ መሳፍንት ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "እንግዲያው ወር ይፈጃል በለኛ" አለ።

ፈታን፣ ጠረግን፣ ገጠምን። የቴስታታውን ጋስኬት አያ አለበል ድሮ ገዝቶ ያስቀመጠው ነበር። ብሎኖቹን ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ትንሽ ትንሽ እያጠበቀ፣ ሦስቴ ዞረባቸው። እኔን ባትሪ አስያዘኝ። በመጨረሻ የቀረው ውኃው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚወጣበት አፍ ነው። እሱም የመዳፍ ያህል ጋስኬት ይፈልጋል። አዲስ የለንም። መንገዱ ከተዘጋ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዕቃ አይመጣም።

"ይቺን አንቺ ቁረጪ" አለኝ፣ የተረፈችንን አንዲት የጋስኬት ወረቀት እየሰጠኝ። "ራስሽ ግጠሚያት። ነገ እስከ አማኑኤል ከተማ ነድተን ሞክረናት እንመለሳለን። ጠብ ካላለች ሰኞ ትመጫለሽ።"

"ጠብ ካለችስ?"

"አባትሽ ናፍቀውሻል ማለት ነው።"

እሱ ምሳ ሄደ። እኔ ቆረጥኩ። ቆንጆ አድርጌ ነው የቆረጥኩት፤ የመጨረሻውን ቀዳዳ ስመታ ግን ቀለሁ ሸሸና ዳሩን ቀደደው። የተቀደደውን ይዤ ቆምኩ። ሌላ ወረቀት የለም። ጠብቄ ልነግረው አስቤም ነበር። ወዲያው ግን ሰኞ ዕለት የተዘፈዘፈ ቆዳ ፊት ቁጭ ብዬ ታየኝ፣ ሰኞ ብቻም አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ።

ቤት ሮጥኩ። አባባ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደብረ ኤልያስ ሊወስዱት ያሰናዱት የብራና ጥቅል ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አንዱን ሳብ አድርጌ ጥጉን በመቀስ ቆረጥኩት። ብራና ጠንካራ ነው፣ አይቀደድም። "የጻፈበት ሰው ሞቶ፣ ልጁ ሞቶ፣ ብራናው ሦስት መቶ ዓመት ይኖራል" ሲሉ አባባን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ወረቀት ሦስት መቶ ዓመት ይኖራል? እንዲያውም ከወረቀቱ የተሻለ ነው ያገኘሁት አልኩ።

ደግሞ አቆራረጡ ደስ ይላል። ቀዳዳው ጠቅ ብሎ ይወጣል። ግራሶ ቀባሁት፣ ገጠምኩት፣ አጠበቅሁት። አያ አለበል ሲመለስ ዳሩን በጣቱ ዳበሰ። ውኃ ሞላን። ጠብታ የለም። አምስት ደቂቃ አስነሳናት። አሁንም የለም።

"እጅሽ ይባረክ፣ ኢንጂነር" አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ መንገድ የሚለቅልኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ፒካፗ ወደ አማኑኤል እንደምትሄድ ሰምተው ጥቅላቸውን ተሸክመው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና አገኛለሁ አሉ። መምጣታቸውን አልወደድኩትም፤ ግን ምን ብዬ ልከልክል? አያ አለበል ከአያ መሳፍንት ጎን ገባ፤ እኔና አባባ ከኋላ ጭነቱ ላይ ተቀመጥን።

"አንዱን ብራና አይጥ በልታብኛለች" አሉኝ መንገድ ላይ። "ጥጉን። ቀጥ አድርጋ።"

"መቀስ ገዝታ ይሆናል" አልኩ።

ጥቅሉን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። ነፋሱ ነጠላቸውን ያራግበዋል። "የትኛውን ነው አንቺ የሠራሽው?" አሉኝ።

"ውኃው የሚወጣበትን።"

"ጎበዝ። ጋራዡ ከቀረሽ ታዲያ ሙጫውን ማን ያማስልኛል?"

"አይጧ።"

ሳቁ። አባባ ሲስቁ ብዙ አይቼ አላውቅም። ለሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩ ቀን ነበር።

ዳገቱ ላይ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ከማየቴ በፊት ግን ሽታው ደረሰኝ። የዘይት ሽታ አይደለም፣ የጎማም አይደለም። የቅዳሜ ሽታ ነው። አባባም ቀና አሉ፤ አፍንጫቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሌላ ቦታ አየሁ።

የፒካፗ የሞተር ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ከሞተ ዓመታት ሆኖታል። አያ መሳፍንት "ዳገቱን ልጨርስ" ብሎ ነዳት። ሞተሩ አንዴ ኳ አለና ቆመ፤ ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞረውም አልመለሰለትም።

እስኪበርድ ጠበቅን። አያ አለበል ብሎኖቹን ፈትቶ የውኃውን አፍ አነሳው። ጋስኬት የሚባል ነገር የለም። በቦታው ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር አለ። ጣቱን ነክሮ ሲያነሳው እንደ ማር ክር ሠራ።

"ምንድን ነው ያስገባሽበት?"

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ።

"የሰጠሁሽ ወረቀትስ?"

"ተቀደደ።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?"

"ምሳ ላይ ነበርክ።"

የዘይት መለኪያውን መዘዘው። እንደገና ማኪያቶ። ጨርቁን መሬት ላይ ጣለው። "ያለ ውኃ ነው የነደደችው። ቴስታታው በሙቀት ተጣሟል" አለ ለአያ መሳፍንት።

"ሌላ ከየት ይገኛል?"

"ከአዲስ አበባ።"

"መንገዱስ?"

"መንገዱን አንተም ታውቀዋለህ።"

አያ መሳፍንት የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልሰደበኝም። እኔን ጨርሶ አላየኝም። አያ አለበል መፍቻዎቹን እየሰበሰበ፣ ቀና ሳይል፣ "ሰኞ አትምጪ" አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም።

አባባ ከጭነቱ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። ከቡናማው ነገር በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት፣ አሸተቱት። ከዚያ ጥቅላቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። አፌ ደግሞ ዝም ማለት አያውቅም።

"ብራና ሦስት መቶ ዓመት ይኖራል ይሉ አልነበር?" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ" አሉ፣ ተጣብቀው አልላቀቅ ያሉ ጣቶቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ድስቱ ውስጥ የምታማስይው ምን መስሎሽ ነው?"