አንዴ ብቻ የሚጠግን

የሆስፒታሉ የናሙና መርማሪ ጉድኒ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳችና «ወይ ጉዴ!» አለች። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ የላከችው ቁራጭ ከአንድ በሽተኛ የአንጎል ዕጢ ጠርዝ የተወሰደ ነው፤ አብዛኛው ጤነኛ አንጎል። ቁራጩን የመረጠችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ክኒን የካንሰሩን ሴል ሲጎዳ፣ ጉዳቱን እየተከተለ የሚጠግን ኢንዛይም አለ። ዕጢው ውስጥ ነቅቶ ከተገኘ ክኒኑ ከንቱ ድካም ነው፤ ተኝቶ ከሆነ ግን ዕድሜ ይገኛል። የበሽተኛው የቶርላይቭ ውጤት «ነቅቷል» ይላል። በጤነኛ አንጎል ውስጥ ግን ኢንዛይሙ መቼም አይተኛም። ታዲያ የተለካው የትኛው ነው፣ የዕጢው ወይስ የጤነኛው? ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ክኒኑን ሊያስቀሩባቸው ነው።

የኖርዌይዋ ከተማ በርገን እንደ ልማዷ በዝናብ ርሳለች። ጉድኒ ስብሰባው ላይ ቆመች።

«ቁራጩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። በቀዶ ጥገና ከወጣው ዕጢ መሃል ተወስዶ ይደገም።»

ቀዶ ሐኪሙ አይሪክ ሳቀ። «ጉድኒ ተሳሳተች? ቀኑን በዓል እናድርገው እንጂ!»

ተሳስቻለሁ ማለት የሃያ ዓመት ስም ላለው ሰው ሬት ነው። እሷ ግን ሳታመነታ ዋጠችው። ጀግና ማለት እንዲህ ነው!

ምርመራው እንዲደገም ከተስማሙ በኋላ የሙያ ጓደኞቿ የማያደርጉትን አደረገች። በሽተኛን በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ብቻ የምታውቀው ሴት ወደ ቶርላይቭ ክፍል ወጣች። የሰባ አራት ዓመቱ ጀልባ ሠሪ ጭንቅላታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይሄ ጠጋኝ ደህናው አካሌም ውስጥ አለ?» አሉ።

«ሁላችንም ውስጥ አለ። እያንዳንዱ አንድ ጉዳት ብቻ ይጠግናል፤ ጠግኖ ራሱ ያልቃል።»

«አንዴ ጠግኖ ያልቃል?» ቶርላይቭ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔዎቹ ሠራተኞች አንድ ሚስማር መትተው ምሳ ይጠይቁ ነበር!»

ጉድኒ ሳቋ አመለጣት።

«ውጤቱን አንቺው ራስሽ ንገሪኝ፤ ክፉም ቢሆን» አሉ።

«እመጣለሁ።»

«ተኝቶ ከሆነ ክኒኔን እውጣለሁ። ነቅቶ ከተገኘ ግን አደራ፣ እኔ ፊት እንዳትረግሚው። እስከዛሬ ያኖረኝ እሱ ነዋ።»

ጉድኒ ወንበሩን ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች።