ለወፍራሙ ጌታዬ

ባለጠጋው ራብተን ለጸሎት ሲሆን ብቻ ወገቡን ያመዋል። ስለዚህ በእሱ ፈንታ በቁመቱ ልክ መሬት ላይ እየተዘረጋ፣ እየሰገደ እስከ ቲቤት ቅድስት ከተማ እስከ ላሳ የሚሄድለት ጎንቦ የሚባል ድሃ ቀጠረ። ጎንቦ በሰባተኛው ወር ግንባሩ ላይ ድንች የሚያህል እብጠት ይዞ ተመለሰ።

ራብተን ከበር ላይ ያዘው። «በየስግደቱ ስሜን ጠርተሃል? ጽድቁ ለእኔ ካልደረሰ ሞቼ ዳግም ስወለድ አህያ ሆኜ ነው የምመጣው!»

«እስከ በረዶው ተራራ ድረስ ጠርቻለሁ፣ ጌታዬ። ከዚያ ወዲያ ከንፈሬ ደነዘዘና ስምዎ ከነማዕረጉ ረዘመብኝ። ‹ለወፍራሙ ጌታዬ› እያልኩ ጨረስኩት። በዚህ ሸለቆ ከእርስዎ የሚወፍር ማን አለና?»

የራብተን ሚስት ዩድሮን የቅቤ ሻይ እየቀዳች፣ «ጨው ነጋዴው ጃምያንግ አለ እንጂ!» አለች። «ዘንድሮ እንዴት እንደተመቸው አላየህም? በበር የሚገባው በጎኑ ነው።»

የራብተን ፊት አመድ መሰለ። ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት መዘነውና የገብስ ዱቄት ያለበትን ሳህን ወደ ሚስቱ ገፋ።

«ቅቤ ጨምሪበት» አላት። «ከሱ ቀጥኜ ከሞትኩማ አለቀልኝ!»