ሻይ ውስጥ የማይነከር ብሎኬት

ቃለጽድቅ ኬራኒዮ ሰፈር ብሎኬት ማምረት ሲጀምር የቋጠራት ቂም ዛሬም አልላላችም። ያኔ ጎረምሳው ፎርማን መዝገቡ፣ እንደማንኛውም ገዢ ጥንካሬውን ልፈትን ብሎ፣ ብሎኬቱን ከወገቡ ከፍታ በሰው ፊት ለቀቀው። ፍርክስክስ! እሱስ ይሁን፤ ስባሪውን አንስቶ የያዘው ሻይ ውስጥ ነከረና «ስኳር ያንሰዋል!» አለ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ያለ የታክሲ ረዳት ሁሉ «ጋሽ ብስኩት» ነው የሚለው። ስሙ ጠፋ።

የሚያንገበግበው ጠጠር እንደሱ ተጠንቅቆ የሚነፋ አለመኖሩ ነው። ጠጠሩ ሁሉ እኩል እስኪሆን በወንፊት ይነፋል፤ ደቃቁን ጓሮ ይደፋል።

አንድ ቅዳሜ፣ ማቴሪያል ኢንጂነሪንግ የምትማረው ልጁ ሉሲ ላፕቶፗን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀምጣ ጠራችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ ኳሶች ይዘንባሉ።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ብይ ልትጫወቺ?»

«አባዬ፣ ያንተ ጠጠሮች እኮ ናቸው፤ ሁሉም እኩል።» ቁልፍ ነካች፤ ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ። ኳሶቹ ትንሽ ሰመጥ ብለው ቆሙ። «አየህ? ቀዳዳው አይሞላም። አሁን ደግሞ እይ።» ደቃቅ ኳሶች ጨመረችበት። እየተሹለከለኩ በየቀዳዳው ተወሸቁ።

«ድገሚው!»

ደገመችው።

«አንቀጥቅጪው በናትሽ!»

ሳጥኑ ሲንቀጠቀጥ የሱም ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይማ እስክስታው ወረደ።

«ታዲያ ያ ጓሮ የደፋሁት...»

«መሙያህን ነው የደፋኸው፣ አባዬ!»

ሉሲ በኮምፒውተሩ እየሞከረች የቅልቅሉን ልክ አወጣችለት፤ እሱም የጓሮውን ክምር እያፈሰ መለሰ። በአዲሱ ልክ የሠራው ብሎኬት ውሃ ጠጥቶ ሲጠነክር መዝገቡን አስጠራው።

መዝገቡ እየሳቀ መጣ። ከወገቡ ለቀቀው፤ ድም! ምንም። ከትከሻው ለቀቀው፤ ምንም። እልህ ያዘውና በር ላይ የቆመ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ወረወረው። መሬቱ ጎደጎደ፣ የጎረቤት ዶሮ እየጮኸች አጥር ዘለለች፣ ብሎኬቱ ግን ቁጭ ብሏል።

ቃለጽድቅ ያዘጋጀውን ሻይ አቀረበ። «በል፣ ብስኩትህን ቁረስና ንከር!»

መዝገቡ በጥፍሩ ሞከረ፣ በቁልፉ ሞከረ። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ሆዱን ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል።

«እምቢ አለኝ እኮ፣ ጋሽ ቃለጽድቅ።»

«ማን አልከኝ?»

«ጋሽ ቃለጽድቅ!»

«ጮክ በል፣ ረዳቶቹም ይስሙ!»

«ጋሽ ቃለጽድቅ!»

ሻዩን ራሱ ጭልጥ አደረገው። «ሉሲዬ፣ ያንን ኳስ ክፈቺልኝ!» አለና ትከሻውን ማሟሟቅ ጀመረ።