ፈለቀች የጠጣችው ናፍጣ

ጋሽ አብዱልመጂድ ቅዳሜ ጧት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክመው ደጃፏ ላይ ሲቆሙ፣ መምህርት ፈለቀች ስጦታ ያመጡላት መሰላት። የሸዋ ሮቢት ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቶ ነበርና፣ "ምነው ተቸገሩ፣ ጋሼ!" ብላ ተቀበለቻቸው። ይሉኝታ የሚያጠቃት ልጅ ስለሆነች ውለታቸውን የናቀች እንዳይመስላቸው እዚያው ፊታቸው አንድ ብርጭቆ ቀድታ ጭልጥ አደረገችው።

ጋሽ አብዱልመጂድ ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ጠጣሽው?"

"ደስ ይላል፤ ይጣፍጣል።"

"ዱዓ የተደረገበት ነዋ! እኔ ግን ናፍጣ እንድታደርጊልኝ ብዬ ነው ያመጣሁት።"

ጥፋቱ የራሷ ነው። ፈለቀች ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ የተማረችው ኋለኛው ወንበር ላይ ተደብቃ፣ አንድም ቀን እጇን ለጥያቄ ሳታወጣ ነው። ባለፈው ሐሙስ ግን ምን እንደነካት እንጃ። ክፍል ውስጥ በባትሪ ድንጋይ ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፍላ፣ በብልቃጥ ያጠራቀመችውን ሃይድሮጅን በክብሪት ስታፈነዳው ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ራሷ ላይ ወጣና፣ "ወደፊት ሞተር ሁሉ በውሃ ይሠራል! ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው፣ የሚተፋውም መልሶ ውሃ ነው!" አለች። በዕድሜዋ ደፍራ የተናገረችው ይህንኑ ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የጋሽ አብዱልመጂድ ልጅ ዘምዘም ደግሞ ወሬውን ቤቷ ስታደርስ "ወደፊት" የምትለዋን መንገድ ላይ ጥላት ነበር።

ናፍጣ በኩፖን ከሆነ ወዲህ የጋሽ አብዱልመጂድ ወፍጮ ከሚፈጭበት የሚያርፍበት ቀን ይበልጣል። ሰሞኑን ጭራሽ ጸጥ ብሏል። የታላቋ ልጃቸው የሐጂራ ኒካህ ደግሞ ደርሷል፤ የሠርጉ ማሽላ በጆንያ ተደርድሮ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል።

"አይቻልም" ማለት ነበረባት። ሃይድሮጅኑን ከውሃ ለማውጣት የሚፈሰው ጉልበት ሃይድሮጅኑ ከሚመልሰው እንደሚበልጥ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ፈተና ላይ ጽፋው ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ግን ሰውዬው በተስፋ ያዩዋታል።

"እንሞክራለን" አለች። በእሷ ቋንቋ "አይሆንም" ማለቷ ነው።

"ምን ላቅርብ?"

ፈለቀች የማይገኝ ነገር ብጠራ እገላገላለሁ ብላ፣ "የመኪና ባትሪ" አለች።

ምሳ ሳይደርስ ባትሪው መጣ። ጋሽ አብዱልመጂድ ከወንድማቸው ከቃሲም አሮጌ የቤንዚን ላንድሮቨር ፈትተው ነው ያመጡት።

እሑድ ጧት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ውሃ የሞላ ሳፋ ተቀመጠ። ፈለቀች ውሃው ላይ ሶዳ በተነች፣ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ሳበች፣ የሽሮፕ ጠርሙስ ውሃ ሞልታ አፉን ወደ ታች አንዱ ሽቦ ላይ ደፋችው። ውሃው ቅንጣት ቅንጣት አረፋ ይተፋ ጀመር። ከማጀቴ ከተማ ለሠርግ የመጣው ዘመድ ሳይቀር ከበባት። የሙሽራዋ እናት እትዬ ጣይባ በየጊዜው ብቅ ይላሉ።

"ፈላ?"

"ገና ነው፣ እትዬ።"

"ሽሮ እንኳ ቢሆን እስካሁን ሦስቴ ይገነፍል ነበር።"

ከዐስር ሶላት በኋላ ጠርሙሱ በሃይድሮጅን ሞላ። ፈለቀች ክብሪት ጭራ አፉን ነካችው።

ጧ!

ፍየሏ ገመዷን በጥሳ ሸሸች። የአብዮት ጥበቃው ታደሰ ጠመንጃውን ወድሮ ከጥጉ ብቅ አለ።

"ማነው የተኮሰው?"

"ውሃ ነው፣ ጓድ" አለች ፈለቀች።

"ውሃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የታጠቀው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ጣይባ ብቻ አልሳቁም።

"አለቀ? ስንት ቁና ይፈጫል ይኼ?"

"አንድ ፍሬም አይፈጭም።"

ጋሽ አብዱልመጂድ ጠርሙሱን አንስተው ውስጡን አዩ።

"ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፍሬ።"

"ያ ረቢ! ያኔ ብቻሽን ብታፍሪ ምን ነበረበት? ይኸው አሁን ዘመድ ሰብስበን በጋራ አፈርን!"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ቃሲም ከአስፋልቱ በኩል እየሮጠ መጣ። "ናፍጣ ደብረ ብርሃን ገብቷል! አሁኑኑ ካልወጣሁ እስክደርስ ያልቃል። ባትሪዬን!"

ባትሪው ተገጠመ። ላንድሮቨሩ አንዴ ሳል አድርጎ ዝም አለ። ሠርገኛው ተረባርቦ ገፋው፤ ፈለቀችም ከኋላ ሆና ገፋች። መኪናው የጣርማ በርን ዳገት ሊወጣ ቀርቶ ከመስጊዱ በር አላለፈም። የባትሪው ጉልበት ቀኑን ሙሉ አረፋ ሆኖ ወጥቶ፣ አንዴ ጧ ብሎ አልቋል። በከተማው ባትሪ የሚሞላው ጄኔሬተር ደግሞ የሚጠጣው ያንኑ ናፍጣ ነው።

እትዬ ጣይባ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"ላም አለኝ በሰማይ! በይ ነይ፣ መምህርት። ጭስ የሌለው ወፍጮ እኛም ጓዳ አለ።"

ፈለቀች ሳምንቱን ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣች፣ ከሴቶቹ ጋር ወፍጮ ድንጋዩ ፊት ተንበርክካ መጅ ስትገፋ፣ ማሽላ ስትፈጭ ሰነበተች። ሐጂራ በቀኗ ተዳረች። ፈለቀች ግን መዳፏ ስለቆሰለ የሠርጉን ምግብ በማንኪያ በላች።