ከሾላው በታች

አባይነህ ከጎጃም ተመድቦ ሐረር የመጣ አስተማሪ ነበር። የከተማዋን ልጅ ጽጌሬዳን ባገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ባልና ሚስቱ ከከተማው ውጭ ገጠር ሶፊ ድረስ ሄደው የወዳጃቸውን የገበሬውን የአደምን ቤት ለቅሶ ደረሱ። ሲመለሱ አደም ሊሸኛቸው አብሯቸው ወጣ። መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ነበር። ከመሻገሪያው ወደ ታች፣ ዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ወንዶቹ ቀድመው ተሻገሩ። ጽጌሬዳ ጫማዋን ለማውለቅ ወደኋላ ቀረች። መሐል ስትደርስ ከላይ ደራሽ ውሃ መጣ።

ነጭ ነጠላዋ ከድፍርሱ ውሃ ጋር ሲነጉድ ታየ፤ ወዲያው ጠፋ።

«ከሾላው አልፋለች!» ብሎ ጮኸ አባይነህ።

«ወላሂ አልፋለች፣ እኔም አይቻለሁ!» አለ አደም።

ቁልቁል ሮጡ። የመንደሩም ሰው ወጣ። እስኪመሽ ድረስ ከሾላው በታች ያለውን ዳርቻ ሁሉ አሰሱ። ወደ ላይ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል አገኟት። ከሾላው በላይ፣ ወንዙ በቦረቦረው ገደል ሥር ነበረች። ከውሃው በራሷ ወጥታለች። የተሰበረ እግሯን በነጠላዋ ጥምጥም አድርጋ አስራዋለች፤ ጥፍሮቿን የገደሉ አፈር ሞልቷቸዋል። የገደላት ብርዱ ነበር።

ከቀብር በኋላ እናቷ ወይዘሮ በለጡ አባይነህን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የገዛ ሚስትህ የት እንደሰመጠች እንዴት አታይም?»

«አይቻለሁ እኮ፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲያ አላናገሩትም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙም ፊታቸውን ያዞሩበታል።

በተከታዩ ክረምት አባይነህ ወንዙ መሙላቱን ሲሰማ፣ ያን ቀን ዓይናቸው ስቶ እንደሆነ ሊፈትን ቅል ይዞ አደም ዘንድ ሄደ። ከመሻገሪያው ላይ ቅሉን ውሃው ላይ ለቀቁት። አደም በዳር በዳር እየተከተለው ሄደና ድንገት «በቃ!» ብሎ በቅሉ ትይዩ ቆሞ ቀረ። ከመሻገሪያው ሆኖ ቅሉን ሲያይ የነበረው አባይነህ ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ።

«የት ደርሶ ነበር?» አለ አደም።

«ሾላው ጋ።»

ዓይኑን ሲገልጥ አደም ከሾላው ብዙ ወደ ላይ ቆሟል። ደጋገሙት። ተለዋወጡም፤ አደምም እንደ እሱ ሳተ። ሁለቱም በሐሳባቸው ቅሉን ከነበረበት አሳልፈው፣ ሊሄድበት ወደነበረው ወደ ታች ያደርሱታል።

አደም መሬት ላይ ቁጭ አለ። «መምህር፣ ያን ቀንም እንዲህ ነው ያየነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለን» አለና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

አባይነህ ወደ ከተማው ተመልሶ በግንቡ በኤረር በር ገብቶ በቀጥታ አማቱ ቤት ሄደ። በሩ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራቸው። ወይዘሮ በለጡ ሳያቋርጡ ሰሙት።

«እንግዲያው ሁለታችሁም አልዋሻችሁም» አሉ በመጨረሻ።

«አልዋሸንም።»

«ልጄ ግን ስትጣራ ነው ያመሸችው።»

ውጪ ማካፋት ጀመረ። ወይዘሮ በለጡ ሳያዩት፣ «ግባ፣ ዝናብ አይምታህ» አሉት። ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።