መቀሱ ከመከፈቱ በፊት

በአባቴ ልብስ ስፌት ቤት ሁለት ሕጎች ነበሩ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ልኩን ከደብተር ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መቀስ የያዘው ደግሞ ጨርቁን በሜትር እየለካ «ልክ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ መቀሱ አንዴ ከተከፈተ ቆራጩን ማንም አያናግረውም። «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መስመሩን ልጨርስና አብረን እንወጣለን» ይል ነበር አባዬ።

አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ደንበኞች አባዬን የሚጠሩት «ጋሽ ልክነው» እያሉ ነበር፤ እሱ የሰፋውን ሃያ ዓመት ለብሰው እውነተኛ ስሙን የማያውቁ ሞልተዋል። ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ሆስፒታሉን ስለከሰሰበት ጉዳይ ሰዎች ከሚያወሩት ግማሹ የተሳሳተ ስለሆነ፣ አጠገቡ የነበርኩት እኔ እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ።

ስኳሩ የግራ እግሩን ጣቶች ሲያጠቁራቸው ሐኪሙ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት አለ። አባዬ አላለቀሰም። «የስፌት መኪናዬን ፔዳል የምረግጠው በቀኝ ነው። ግራው ከከዳኝ ይሂድ» አለና ፈረመ። የፈረመበት ወረቀት ላይ «ግራ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ተጽፏል።

የቆረጡት ቀኙን ነው።

ያወቅነው በማግስቱ እማዬ ብርድ ልብሱን ስታስተካክል ነው። ጥቁሮቹ ጣቶች ወጥተው ታዩ። አልጮኸችም። ሸፈነቻቸው፣ እንደገና ገለጠቻቸው፣ ከዚያ በር ተሳስቶ የገባ እንግዳ የምታናግር ይመስል «እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለች። ነርሷ ስትሮጥ የጫማዋ ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላ ሆስፒታል ወስደነው፣ ግራውም ተቆረጠ። ድሮም የታመመው እሱ ነበር።

አባዬ ቤት በገባ በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያው ሆስፒታል አስተዳዳሪ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ሆስፒታሉ ሁለት ሰው ሠራሽ እግር ያሠራል፣ የቀረውን የሕክምና ወጪም ይችላል። በምላሹ አባዬ የደረሰበት ነገር በማንኛውም ቀዶ ሕክምና ሊያጋጥም የሚችል መሆኑን አምኖ ይፈርማል።

«ፈርም ጋሼ» አለ አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ሰውዬው ገና ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ንጉሥ ማን ከሰሰ? እኔ የምከሰው መቀስ የያዘ ሰው ነው።»

«እነሱ እኮ ጠበቃቸው መዓት ነው! አንተ በየትኛው እግርህ ነው ፍርድ ቤት የምትመላለሰው?»

አጎቴ የተናገረውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነበር።

አባዬ ሳቀ። «በአንተ ነዋ! ታዝለኛለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ አፍህ እንጂ ጀርባህ ሠርቶ አያውቅም።»

አጎቴም እስከ መጨረሻው አዘለው።

ልናማክራት የሄድናት ጠበቃ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም። አጎቴ አባዬን ሊያዝል ሲጎነበስ በመስኮት አይታ «እዚያው ሁኑ!» ብላ ጮኸች። ወርዳ ምድር ቤት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ማሽኖች መሃል አነጋገረችን። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

«አባባ፣ ይህን ወረቀት ከፈረሙ ሁሉም በር ይዘጋል። ካልፈረሙ ግን በር ሞልቷል። ለሐኪሞች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት ይችላሉ፤ እነሱ ፈቃድ ያግዳሉ እንጂ ካሳ አይሰጡም። ለፖሊስ ማመልከትም አለ፤ የሚያስኬደው ግን ዐቃቤ ሕጉ ቸልተኝነቱ ወንጀል ነው ብሎ ካመነ ነው። ደግሞ ሆስፒታሉን ራሱን በፍትሐ ብሔር መክሰስ አለ። ካሳውም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚጽፈው ፍርድም የሚገኘው እዚያ ነው። በአንዱ መግባትዎ ሌላውን አይዘጋብዎትም። የሚዘጋው ጊዜ ነው፤ ይርጋ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።»

«እኔ የምፈልገው ያ ጽሑፍ ነው» አለ አባዬ። «የማን ጥፋት እንደሆነ የሚለው። ዛሬ ምን ላድርግ ልጄ?»

«ዛሬ የሕክምና ፋይልዎን ሙሉ ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ገጽ ሳይቀነስበት።»

ቅጂው መጣ። ውስጡ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሞላ ቅጽ ነበር። የታካሚው ስም ተጠርቷል፣ የሚቆረጠው እግር በቀለም ተመልክቷል፣ ሁሉም ቆመው ጮክ ብለው አረጋግጠዋል ይላል። ሁሉም ላይ ራይት አለ። ጠበቃዋ ጣቷን ሰዓቱ ላይ አሳረፈች። ቅጹ የተሞላው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው። አባዬ ወደ ክፍሉ የገባው፣ በራሳቸው መዝገብ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ።

«ሰውዬው ሳይመጣ ለኩት» አለ አባዬ።

ልባችን ሞላ። ከዚያ የሆስፒታሉ የጽሑፍ መልስ መጣ። ሱቅ ውስጥ እያነበብኩለት ነበር፤ እሱም በየመስመሩ መጨረሻ «ልክ ነው» ወይም «ውሸት» ይላል። «ታካሚው ከወገቡ በታች ብቻ ስለደነዘዘ ሙሉ በሙሉ ንቁ ነበር። የተሳሳተው እግር ሲዘጋጅ እያየ አልተቃወመም» የሚለው ላይ ስደርስ ዝም አለ።

«አባዬ?»

«ልክ ነው።»

ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

«መጋረጃው ሳይዘረጋ አይቼዋለሁ» አለ። «ሊያጥቡት ብድግ ያደረጉት እግር ጣቶቹ ጤነኞች ነበሩ። ሳይቆርጡ በፊት ያነባሉ አልኩ፤ ያኔ 'ውሸት' እላለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። አላነበቡም። መጋዙ ድምፅ ሲያሰማ ደግሞ…» መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። «መቀሱ ተከፍቶ ነበር፣ ልጄ።»

አርባ ዓመት ያስከበረው ሕግ የራሱን አፍ ዘጋው። ይህን ዳኛ ፊት ከተናገረ ፍርዱ ጥፋቱን እሱ ላይ የሚጽፈው መሰለኝ። «ከጠየቁህ አላየሁም በል» አልኩት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

አልተቆጣም። «ከደብተሩ ላይ ውሸት አንብበሽልኝ ታውቂያለሽ?» ብቻ አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ አጎቴ ጀርባ ላይ ሆኖ ችሎት ገባ። የሆስፒታሉ ጠበቃ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«እግሩን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ትክክለኛው እንዳልሆነ አውቀዋል?»

«ጠርጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እማዬ እጄን ጨመቀችው።

«ጌታዬ» አለ አባዬ፣ «የኮትዎ የቀኝ እጅጌ ከግራው በአንድ ጣት ይረዝማል።» ጠበቃው ሳያስበው እጆቹን ዘርግቶ አየ። «ልብስ ሰፊው ሲለካዎት እዚያው ቆመው ነበር። ለምን ዝም አሉ?»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም።

«እኔ አርባ ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ፤ አበላሽቼም አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ደንበኛዬን 'ቆመህ እያየህ ለምን ዝም አልክ' ብዬ አላውቅም። ማረጋገጥ የቆራጩ ሥራ ነው፤ የሚያረጋግጠውም መቀሱ ከመከፈቱ በፊት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ 'ግራ ነው አይደል?' ቢለኝ እመልስለት ነበር። ተጋድሜ የጠበቅኩት እሱን ነው።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ በቅጹ መሠረት ተጠይቀዋል» አለ ጠበቃው።

«በሁለት ሰዓት ከአሥር?» አሉ ዳኛዋ።

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ።

ፍርዱ ከአራት ወር በኋላ ተሰጠ። ሱቅ ውስጥ፣ እንደ ልማዳችን፣ አነበብኩለት። «የታካሚው ዝምታ ሐኪሞቹን ከማረጋገጥ ግዴታ ነፃ አያወጣቸውም። ጥፋቱ የሆስፒታሉ ነው።»

«ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «ልክ ነው» አለ። ካሳውን የሚናገረውን ገጽ ለአጎቴ ሰጠው፣ እሱ ደስ ይለዋል ብሎ።

በዚያው ሳምንት ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ እንዲቆርጥ ጠረጴዛው ዝቅ እንዲል አናጺ ጠራን። አናጺው መጋዙን ሲያነሳ አባዬ እጁን ዘረጋ። «አንብቢለት።»

«አራቱም እግር፣ ከታች በኩል፣ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር» አነበብኩ።

«ጋሼ፣ የጠረጴዛ እግር እኮ ነው!»

«የእኔም እግር ነበር። ለካ።»

አናጺው ለካ። «ልክ ነው» አለ፣ እየሳቀ።

አባዬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓመት ሠራ፤ ፔዳሉን እኔ እረግጣለሁ፣ መቀሱ የእሱ። ሲቀበር የሚለብሰውን ልብስ የቆረጥኩትም እዚያው ላይ ነው። ሱሪው፣ እግሮቹ ሳይቆረጡ ደብተሩ ላይ እንደተጻፈው፣ ሙሉ ይሁን ብሎ ነበር። መቀሱን ይዤ ቆምኩ፤ የሚያነብልኝ ሰው አልነበረም። ያን ደብተር በዕድሜዋ ነክታው የማታውቀው እማዬ መነጽሯን አድርጋ ገለጠችው።

«የሱሪ ርዝመት፣ አንድ መቶ አራት» አለች፣ ጮክ ብላ።

ለካሁ። «ልክ ነው» አልኳት፤ ከዚያ መቀሱን ከፈትኩ።